ባለ ባርኔጣው ድመት፦ ስለ አንድ የፊልም ድርጅት ዓርማ

በፊልም ጥበብ ዓርማ ከታሪኩ ቀድሞ የሚነገር ቃል ነው። በሲኒማ ቤት መብራቱ እንደ ጠፋ ተመልካቹ በቅድሚያ የሚያየው የአምራቹን ማኅተም ነው። ስለሆነም ዓርማን በጥቂት ሴኮንዶች የሚያልፍ ጌጥ ብቻ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ከየት እንደ መነጨ፣ ለማን እንደሚናገርና ምን እንደሚሰውር መመርመር ከሂስ ተግባራት አንዱ ነው። የጃፓኑ የካርቱን ፊልም ድርጅት የቶኤይ አኒሜሽን ዓርማ ለዚህ የሚመች ምሳሌ ነው።

እናት ድርጅቱ ቶኤይ የሚታወቀው የባሕር ማዕበል ከሦስት አለቶች ጋር ሲላተም በሚያሳይ ዓርማ ነው። በዚያ ትዕይንት ኃይልና ግርማ እንጂ ሰው የለም። ቶኤይ እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ አነስተኛ የካርቱን ፊልም ድርጅት ገዝቶ ቶኤይ ዶጋ አሰኘው፤ የአሁኑ ስያሜ የመጣው በ1998 ነው። ይህ ድርጅት በ1958 «የነጩ እባብ ተረት» የተባለውን የመጀመሪያውን ባለቀለም የጃፓን ሙሉ የካርቱን ፊልም አቀረበ። መለያው ያደረገው ግን የወላጁን ማዕበል ሳይሆን ባርኔጣ የደፋ ድመት ነው።

ድመቱ ፔሮ ይባላል። የተፈጠረው ኪሚዮ ያቡኪ አዘጋጅቶት፣ ያሱጂ ሞሪ የሥዕል ሥራውን መርቶት በ1969 በቀረበው «ባለ ቦት ጫማው ድመት» በተሰኘ ፊልም ነው። መሠረቱ ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ያሳተመው ተረት ቢሆንም፣ የጃፓን ከያንያን የራሳቸውን ፍሬ ነገር አክለውበታል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል የአማርኛው ብሂል። ፔሮ ግን ዓመሉን የተወ ድመት ነው። አይጦችን በማዳኑ በድመቶች ሕግ ወንጀለኛ ተብሎ ሦስት ነፍሰ ገዳዮች ያሳድዱታል።

ከቅርፅ አንፃር ዓርማው የተሳካ ነው። በጥቂት መስመሮች የተሣለ፣ ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን እንኳ የሚለየው ፊት ነው። ማዕበሉ ተመልካቹን ዝም ሲያሰኝ፣ ድመቱ ወደ ጨዋታ ይጠራዋል። ጥያቄ የሚያስነሣው ይዘቱ ነው። ከታሪኩ ተነጥሎ ማኅተም የሆነው ፔሮ የጌቶቹን ሕግ የጣሰው ስደተኛ መሆኑ ቀርቶ፣ የባለንብረቱ መታወቂያ ሆኗል።

ነገሩን የሚያከብደው የስቱዲዮው ታሪክ ነው። በዚያ ዘመን በቶኤይ ዶጋ ብርቱ የሠራተኞች ማኅበር ነበር። ኢሳኦ ታካሃታ የማኅበሩ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ ሠርቷል፤ ሃያኦ ሚያዛኪ በ1964 ዋና ጸሐፊ ሆኗል። ታካሃታ በ1968 ያቀረበው «ሆልስ፣ የፀሐይ ልዑል» ከዚሁ የትግል ጓድነት የፈለቀ ሥራ ነው። በፔሮ ፊልም ከሣሉት መካከል ሚያዛኪ ይገኝበታል። ሁለቱም በ1971 ድርጅቱን ለቀቁ፤ ድመቱ ግን ቀረ። በ1985 በተመሠረተው ስቱዲዮ ጂብሊ ዓርማ ላይ ዛሬ የሚታየው ደግሞ ሚያዛኪ በ1988 ፊልሙ የፈጠረው ቶቶሮ ነው። አንዱ ፍጥረት ከፈጣሪው ጋር በአንድ ቤት ኖረ፤ ሌላው እጆቹ ከሄዱ በኋላ ለቤቱ ቀረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዓርማን መንቀፍ አይደለም። ፔሮ የሚወደድ፣ የሚገባውንም ክብር ያገኘ የጋራ ድካም ፍሬ ነው። ነገር ግን አንድ ፊት በመቶ የሚቆጠሩ እጆችን ሊሸፍን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ልጆችን ፊልም ማየት የሚያስተምር መምህር በመጀመሪያው ማኅተም ላይ ብቻ እንዳይቆም፣ በመጨረሻ የሚያልፈውንም የስም ዝርዝር እንዲያስነብብ ያስፈልጋል። ማኅተሙ ፊልሙ የማን ንብረት እንደሆነ ይናገራል፤ የማን ሥራ እንደሆነ የሚናገረው ግን ያ ዝርዝር ነው።