ሁለት ጠቅታና አንድ ቁጥር፦ የሌፍሌት የርቀት መለኪያ ሲመዘን

ከደብረ ብርሃን አንኮበር በመኪና የሄደ ሰው መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላል። ኮምፒውተር ላይ ካርታ ከፍቶ፣ ማውሱን ደብረ ብርሃን ላይ አንዴ፣ አንኮበር ላይ አንዴ ጠቅ ያደረገ ደግሞ 24.6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚል መልስ ያገኛል። በዚህ ዳሰሳ የማነበው ሁለተኛውን ቁጥር የሚያወጣውን አጭር ኮድ ነው። የማነበውም እንደ ድርሰት ነው፤ መዋቅር፣ ቋንቋና ዓላማ አለው፤ ቃል የሚቆጥብ ጸሐፊ እጅም ይታይበታል።

ሥራው የሌፍሌት አካል ነው። ሌፍሌት ቮሎዲሚር አጋፎንኪን የተባለ የኪየቭ ፕሮግራመር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በጃቫስክሪፕት የተጻፈና ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ የካርታ መሥሪያ ነው። ሙሉው ሲጨመቅ 40 ኪሎ ባይት ገደማ ነው፤ በሞባይል ዳታ ካርታ የሚከፍት ተማሪ የዚህን ቁጥብነት ዋጋ ያውቀዋል። ርቀት የሚለካው ክፍል አሥር መስመር ያህል ነው። ተጠቃሚው ፕሮግራመር ከራሱ የሚጨምረውም ከዚያ አይበልጥም፦ የመጀመሪያውን ጠቅታ ይይዛል፣ ሁለተኛውን ይጠብቃል፣ ሁለቱን ለመለኪያው ይሰጣል፣ ቁጥሩን ያሳያል።

አጭር ቢሆንም ሴራ አለው፤ የሴራው ቋጠሮም ገና ሳይለካ በፊት ይፈታል። ጀማሪ ፕሮግራመር ሁለቱ ጠቅታዎች በስክሪኑ ላይ ያላቸውን ቦታ በፒክስል ወስዶ፣ በፓይታጎረስ ቀመር ርቀታቸውን አውጥቶ፣ በካርታው ሚዛን ያባዛዋል። ሌፍሌት ይህን አያደርግም። እያንዳንዱ ጠቅታ ፕሮግራመሩ እጅ የሚደርሰው ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዞ ነው፤ ልኬቱ የሚካሄደው በምድር ላይ እንጂ በስክሪን ላይ አይደለም። የድረ ገጽ ካርታዎች የሚሣሉበት የመርካተር ስልት ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ቦታን እየለጠጠ ይሄዳል። አንኮበር አካባቢ ልጠጣው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ኪየቭ ላይ ግን 57 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የፒክስሉን አቋራጭ የመረጠ የሸዋ ፕሮግራመር ስሕተቱን ሳያየው ዓመታት ሊሠራ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ወደ ሰሜን አገር በተሻገረ ማግስት ግን ይጋለጣል። የሌፍሌት መዋቅር ትልቁ ብልህነት ይህን ወጥመድ ከመነሻው ማስቀረቱ ነው፤ ለኔ ከቀመሩም ይበልጣል።

ሌፍሌት ርቀቱን የሚያሰላበት ቀመር ሃቨርሳይን ይባላል። ባሕረኞች በሰንጠረዥ ይገለገሉበት የነበረ አሮጌ ቀመር ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ሮጀር ሲኖት የተባሉ ጸሐፊ ስካይ ኤንድ ቴሌስኮፕ በተሰኘው የሥነ ፈለክ መጽሔት ላይ ጥቅሙን ካስታወሱ ወዲህ በፕሮግራመሮች ዘንድ በሰፊው ይሠራበታል። ተፎካካሪው የኮሳይን ሕግ ሁለት ነጥቦች እጅግ ሲቀራረቡ ትክክለኛነቱ ይሸረሸራል፤ ምክንያቱም የጥቃቅን ማዕዘን ኮሳይን ከ1 ብዙም አይለይም። ሃቨርሳይን የልዩነቱን ግማሽ ሳይን ስለሚወስድ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ዛፎችንም በአግባቡ ይለያል። ኮዱም ቀመሩን ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል፤ አንድም የባከነ መስመር የለውም።

ቋንቋው ላይ ስደርስ ምስጋናዬ ይቀዘቅዛል። የምድርን አማካይ ራዲየስ የያዘው መስመር፣ ማለትም 6,371,000 ሜትር፣ ቁጥሩ በማን ምክር እንደተወሰደ የሚገልጽ ጥሩ ማስታወሻ ከላዩ አለው። ከመለኪያው በላይ የተጻፈው ማስታወሻ ግን ኮዱ የኮሳይን ሕግን እንደሚጠቀም ይናገራል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ሃቨርሳይን ነው። ይህ በ1.9.4 እትም ይታያል። ቀመሩ ተቀይሮ ማስታወሻው ሳይታረም የቀረ ነው። ስሌቱን አይነካም፤ አንባቢን ግን ያሳስታል። አሥር መስመር በሆነ ሥራ ውስጥ አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ ተማሪ ከኮዱ አስቀድሞ የሚያምነው ማስታወሻውን ነውና።

ምድርን ድፍን ክብ አድርጎ መውሰዱም መመርመር አለበት። ምድር ዋልታዋ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ናት፤ በምድር ወገብ በኩል ራዲየሷ 6,378 ኪሎ ሜትር፣ በዋልታ በኩል 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ስሌቱን ደብረ ብርሃንን በ9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ምሥራቅ፣ አንኮበርን ደግሞ በ9 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ እና በ39 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ወስጄ በእጄ ሠራሁት። በክቡም፣ ዋልታዋን ጠፍጠፍ ባደረገውም ስሌት የተገኘው 24.58 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልዩነታቸው ጥቂት ሜትር ብቻ ሆነ። ይህ ግን የአቅጣጫው በረከት ነው። ኮዱ በኛ ኬክሮስ የሰሜን ደቡብ ርቀትን ግማሽ በመቶ ያህል ያስረዝማል፣ የምሥራቅ ምዕራቡን በጥቂቱ ያሳጥራል፤ በዚህ መስመር ላይ ሁለቱ ስሕተቶች ተካካሱ። በቀጥታ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ቢለካ ስሕተቱ ከ500 ሜትር ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ነቀፌታዬ ስለ እጅ ነው። ካርታው መላውን ሸዋ እንዲያሳይ ሲርቅ፣ ለምሳሌ በ7ኛው የዙም ደረጃ፣ አንድ ፒክስል 1.2 ኪሎ ሜትር ይይዛል። በዚያ ደረጃ ደብረ ብርሃንና አንኮበር የሚራራቁት 20 ፒክስል ብቻ ነው። ጠቅ ሲደረግ እጅ ሦስት ፒክስል ቢስት ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ተሳተ ማለት ነው። በ15ኛው ደረጃ ያው ስሕተት 14 ሜትር ያህል ነው። ኮዱ ግን በሁለቱም ጊዜ እኩል በራስ መተማመን ይናገራል፤ ሜትሩን ከነረጅም ክፍልፋዩ ያቀርባል። ጠቅታው የመጣበትን ዙም ካርታው ያውቃል፤ መለኪያው አይጠይቀውም። ማጠጋጋቱ የተጠቃሚው ፕሮግራመር ሥራ ነው የሚል መከላከያ ይኖራል፤ በንድፍ ደረጃ ልክ ነው። ሆኖም ለተጠቃሚው ይህን የሚያስጠነቅቅ አንድ መስመር መጻፍ የሥራውን ቁጥብነት አይጎዳም ነበር።

በ24.6 እና በ40 መካከል ስላለው ክፍተት ኮዱን መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። ብዙ ሰው ክፍተቱን የከፍታ ልዩነት ያመጣዋል ብሎ ይገምታል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር፣ አንኮበር 2,465 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ይህ 375 ሜትር በቀጥታው መስመር ላይ የሚጨምረው ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። ክፍተቱን የሚያመጣው የመንገዱ ጥምዝምዝ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ አንኮበር የሚወጣ ነጋዴ ርቀትን በቀን ጉዞ ሲቆጥር ዳገቱም ዙሩም በቁጥሩ ውስጥ ገብተው ነበር። የሌፍሌት መለኪያ ያንን አልመልስም፣ ቀጥታውን ብቻ እነግራለሁ ብሎ ተነስቷል፤ የተነሳበትንም አድርሷል።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ለቀጥታ ርቀት፣ ካርታው ቀርቦ ጠቅ ሲደረግ፣ እምነት የሚጣልበትና ሊጠና የሚገባው ሥራ ነው። ለመሬት ወሰን ወይም ለመንገድ ጥናት ብቻውን አይበቃም። በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌላ ከተማ ኮድ የምትማሩ አንባቢዎች የኮዱን ፋይል ከፍታችሁ አንብቡት፤ ያ የኮሳይን ማስታወሻ በያዛችሁት እትም ውስጥ እንዳለ ካገኛችሁት አርማችሁ ለአዘጋጆቹ ላኩላቸው። ምንጩ ክፍት ነው።