የላስቲክ ወንጭፍና የባህል ጥናት፤ ስለ አሠራሩና ስለ አመዳደቡ የቀረበ ሒስ

በአማርኛ «ወንጭፍ» የሚለው አንድ ቃል ዛሬ ለሁለት ነገሮች ያገለግላል። አንደኛው ከቃጫ ወይም ከጠፍር ተገምዶ የሚሠራው፥ ከራስ በላይ ዞሮ ድንጋይ የሚወረውረው ጥንታዊው ወንጭፍ ነው። እረኛውና ሰብል ጠባቂው ወፍና ዝንጀሮ ያባርሩበታል፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊም ዳዊት ጎልያድን የመታበት መሣሪያ ይኸው ነው። ሁለተኛው ልጆች ከባላ እንጨት፥ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክና ከአሮጌ ጫማ ቁራጭ ቆዳ ራሳቸው የሚሠሩት ነው። ስማቸው አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው ሁለተኛውን የመጀመሪያው ልጅ፥ ያውም የተበላሸ ልጅ አድርጎ ይመለከተዋል። የባህል ተመራማሪም ቢሆን የመጀመሪያውን በጥንቃቄ ለክቶና ሥሎ ይመዘግባል፤ ሁለተኛውን ግን «የልጆች መጫወቻ» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ይህ ማለፍ ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን በሥራቸው ለይተን እንመልከት። በጥንታዊው ወንጭፍ ኀይሉ የሚመጣው ከሚዞረው ክንድ ነው፤ ገመዱ ክንድን ያስረዝማል እንጂ በራሱ ኀይል አያጠራቅምም። በላስቲክ ወንጭፍ ግን ላስቲኩ ሲሳብ የክንድን ድካም በውስጡ ያከማቻል፤ ሲለቀቅም በቅጽበት ለድንጋዩ ያስረክበዋል። ስለዚህ በስም የወንጭፍ ወገን ይሁን እንጂ በጠባይ የቀስት ዘመድ ነው። የቀስት ዘመድ ነው ስንልም ግልባጩ ነው ማለታችን ነው። በቀስት የሚለመጠው እንጨቱ ነው፤ ገመዱ አይለጠጥም። በላስቲክ ወንጭፍ የሚለጠጠው ማሰሪያው ነው፤ እንጨቱ መታጠፍ የለበትም። ቀስት ሠሪ ተለማጩን እንጨት ሲመርጥ የላስቲክ ወንጭፍ ሠሪ ደረቁንና ግትሩን ይመርጣል። እንግዲህ «ያው ወንጭፍ ነው፤ ጠፍሩ በላስቲክ ተተካ» የሚለው የተለመደ አገላለጽ ከመነሻው የተሳሳተ ነው፤ የተለወጠው ቁሳቁሱ ብቻ ሳይሆን የሥራው ሕግ ጭምር ነውና።

አሠራሩን ማንም የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ሲጻፍ ግን ከሁለት መስመር አይበልጥም፦ «ባላ ይቆረጣል፤ ላስቲክ ይታሰራል»። ከእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል የወደቀው ነገር ግን ዋናው ነው። ልጁ ባላውን ሲፈልግ ሁለቱ ቅርንጫፎች በውፍረትም በርዝመትም እኩል መሆናቸውን ይመለከታል፤ እንደ ወይራና እንደ ክትክታ ያለውን ጠንካራ እንጨት ካገኘ በቶሎ የሚሰነጠቀውን ይተዋል። ልጡን ልጦ በጥላ ያደርቀዋል፤ በፀሐይ በችኮላ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃልና። በቅርንጫፎቹ ጫፍ አጠገብ ማሰሪያው እንዳይንሸራተት ዙሪያውን በጥቂቱ ይቀርፃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን የላስቲክ ሰንበሮች በአንድ ስፋትና በአንድ ርዝመት ይቆርጣል፤ አንዱ ከበረታ ድንጋዩ ወደ ጎን ይሄዳል። ሲቆርጥ ጠርዙ እንዳይሸረፍ ይጠነቀቃል፤ ላስቲክ መቀደድ የሚጀምረው ከትንሽ ሽራፊ ነው። በመጨረሻ የሚያስረው በሲባጎ ሳይሆን በራሱ በላስቲክ ቁራጭ፥ ያውም እየሳበ በመጠምጠም ነው፤ ሲባጎ ላስቲኩን ይቆርጠዋል፥ የተሳበ ላስቲክ ግን ሲመለስ ራሱ አጥብቆ ይይዛል። እነዚህ ሁሉ በምክንያት የተደረጉ ፍርዶች ናቸው፤ ምክንያቱም ካልተጻፈ ሥራው አልተጻፈም።

ከዚህ ታላቅ ወንጭፍ በታች ሁለት ታናናሾች አሉ። የመጀመሪያው በትምህርት ቤት የታወቀው ነው፦ ቀጭን ክብ ላስቲክ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ላይ ይወጠራል፤ ተጠቅልሎ ለሁለት የታጠፈ ወረቀት ይሰካበትና ተስቦ ይለቀቃል። በዚህ ጊዜ ባላው የልጁ እጅ ራሱ ነው። ሁለተኛው ከእንጨት ዘንግና ከልብስ መቆንጠጫ የሚሠራው ነው፦ መቆንጠጫው በዘንጉ ጀርባ ይታሰራል፤ ላስቲኩ በዘንጉ ጫፍ ጥርብ ላይ ተሰክቶ ወደ ኋላ ይሳባል፥ መጨረሻውንም መቆንጠጫው ይነክሰዋል፤ መቆንጠጫው ሲጫኑት ይከፈትና ላስቲኩ ይወረወራል። ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ እርምጃ ይዟል። በጣትና በባላ ወንጭፍ የሚይዘውና የሚያነጣጥረው ያው አንድ ሰው ነው፤ በመቆንጠጫው ግን የመያዝ ሥራ ለመሣሪያው ተሰጥቶ ለሰውየው ማነጣጠር ብቻ ይቀርለታል። የቃታን ዐሳብ ልጁ ያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ነው። ከዚህም አልፎ ላስቲኩን በከንፈሩ ላይ አድርጎ በፍጥነት ቢስበው እንደሚሞቅ፥ ሲለቀው እንደሚቀዘቅዝ ይደርስበታል፤ ይህን ጠባይ እንግሊዛዊው ጆን ጎፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1805 ዓ.ም. ለሊቃውንት ያስታወቀው በዚሁ መንገድ ከንፈሩን መለኪያ አድርጎ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳችን እንምጣ። የመጀመሪያው የተለመደ ክርክር «ላስቲክ ባዕድ ስለ ሆነ ነገሩ የባህል ጥናት አይገባውም» የሚል ነው። ላስቲክ ከውጭ መምጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአውሮፓም ቢሆን እንግዳ ነበር። በመካከለኛው አሜሪካ የነበሩ ሕዝቦች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የካውቹክ ኳስ ይሠሩ ነበር። ቻርልስ ጉድይር ካውቹክን በድኝና በእሳት ስለ ማጠንከር በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1844፥ እስቲፈን ፔሪ ለክብ ላስቲክ በለንደን ያገኘው በ1845፥ ዳንሎፕ ለነፋስ ጎማ ያገኘው በ1888 ነው። ዕቃ በትውልድ አገሩ የሚመዘን ከሆነ እንግዲህ የለንደን ልጅ ወንጭፍም የለንደን አይደለም ማለት ነው። መመዘን ያለበት ቁሳቁሱ ከየት መጣ ተብሎ ብቻ ሳይሆን እጅ ምን አደረገበት ተብሎ ነው።

ሁለተኛው ወገን ይህን ስሕተት ሸሽቶ ወደ ሌላ ይወድቃል። ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1962 ባሳተመው «ላ ፓንሴ ሶቫዥ» በተባለው መጽሐፉ በእጁ ባገኘው ቅሪትና ቁርጥራጭ የሚሠራውን ሰው ከመሐንዲሱ ጋራ አነጻጽሮ ነበር። እርሱ ራሱ ይህ ሰው ያከማቸውን ዕቃ እየጠየቀና እየመረመረ እንደሚሠራ ገልጿል፤ ቃሉን የወሰዱት ብዙዎች ግን መመርመሩን ትተው ማንሣቱን ብቻ ያዙ፥ የድኻ ልጅም ያገኘውን ሁሉ የሚለቃቅም ሆኖ ተሣለ። የላስቲክ ወንጭፍ ሠሪ ግን ከሚወስደው ይልቅ የሚጥለው ይበዛል። ለጎማ አየር ስለማያሳልፍ የተመረጠው ቡቲል የተባለው ሰው ሠራሽ ላስቲክ ሲለቀቅ እንደ ካውቹክ ፈጥኖ አይመለስም፤ ሳብ አድርጎ ለቀቅ ያደረገ እጅ ልዩነቱን ያውቀዋል። ስለዚህ «ከተገኘው ነገር ሁሉ» ብሎ ማድነቅ ምስጋና መስሎ ዕውቀቱን መካድ ነው።

ሦስተኛው ችግር «ጨዋታ» የሚለው መደብ ነው። ማርሴል ግሪዮል በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች ለብቻው መጽሐፍ ማሳተሙ ጉዳዩ ለሊቃውንት እንደሚገባ ያሳየ በጎ ሥራ ነበር። ዮሐን ሁይዚንጋ ደግሞ በ1938 በታተመው «ሆሞ ሉደንስ» ጨዋታ ከዕለት ኑሮ ተለይቶ የራሱ ስፍራና ጊዜ ያለው ነገር መሆኑን አስተምሯል። ይህ ትርጓሜ ለብዙ ነገር ይረዳል፤ በማማ ላይ ተቀምጦ ማሽላ የሚጠብቀውን ልጅ ግን አይገልጸውም። ይህ ልጅ ወፍ ሲያባርር እየሠራ ነው፤ ከጓደኛው ጋራ ዒላማ ሲወራረድ እየተጫወተ ነው፤ መሣሪያው ያው፥ ስፍራው ያው፥ ሰዓቱም ያው ነው። በአንጻሩ በከተማ ሴቶች ልጆች ላስቲክ ቀጥለው «ሱዚ» ሲዘሉበት ያው ቁሳቁስ ሌላ ሕግና ሌላ ማኅበር ይፈጥራል። መደቡ ከነገሩ የሚወጣ እንጂ በነገሩ ላይ የሚጫን መሆን የለበትም።

ይህን ሁሉ ስንል መሣሪያውን ማወደሳችን አይደለም። የላስቲክ ወንጭፍ ዐይን ያጠፋል፤ ላስቲኩ ቢበጠስ ወይም ባላው ቢሰበር ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል፤ የወረቀቱም ጥይት በቅርብ ዐይንን ይጎዳል። አዳኙ ልጅ የሚገድላቸው ወፎች ሁሉ ሰብል አጥፊዎች አይደሉም። ነገር ግን አደጋውን ተመልክቶ መሣሪያውን ከመዝገብ መሰረዝ ሌላ ጥፋት ነው፤ ወደ ሰው አለማነጣጠር፥ ከመሳብ በፊት ላስቲኩን መመርመር የመሳሰለው ማስጠንቀቂያ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፈው ከአሠራሩ ጋራ አብሮ ነውና። አሠራሩን ጽፎ ማስጠንቀቂያውን የተወ ጸሓፊ ጎዶሎ ሥራ ሠርቷል፤ ለአንባቢውም ለልጁም አይጠቅምም።

ሌላም የሚያስቸኩል ምክንያት አለ። ብረትና ሸክላ በቤተ መዘክር ብዙ ዘመን ይኖራሉ፤ ላስቲክ ግን በብርሃንና በአየር ይደርቃል፥ ይሰነጣጠቃል፥ በመጨረሻም ይፈረካከሳል። ዛሬ በመስተዋት ሣጥን ብናስቀምጠው ልጆቻችን የሚያዩት ባላውን ብቻ ነው፤ ከባላው ብቻ ደግሞ ሥራውን መገመት አይቻልም። ስለዚህ ለዚህ ዕቃ ዋናው ማቆያ ጽሑፍ ነው። የሚጽፈውም ተማሪ የዛፉን ስም፥ የላስቲኩን ምንጭ፥ ማን ለማን እንዳስተማረው፥ በየትኛው ወራት እንደሚሠራ፥ በምን ላይ መተኮስ ነውር እንደ ሆነ ይጠይቅ። ከሠመረው ወንጭፍ ጋራም የተሰበረውን ባላና የተጣለውን ላስቲክ ይሰብስብ፤ ልጁ ምን እንደሚያውቅ ከመረጠው ይልቅ የጣለው ይናገራልና።