አንቀልባና በርጩማ፦ ብቻዋን ለምትውል እናት የተሠራ ዕቃ

አንቀልባ ገበያ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ዓይን አይስብም። ቡናማ ቆዳ፣ ዳር ዳሩን የተሰፋ ዛጎል፣ ከማዕዘኖቹ የወረዱ ረጃጅም ጠፍሮች፤ ይኸው ነው። የጅማ በርጩማም እንዲሁ ሦስት እግርና ጎድጎድ ያለ መቀመጫ ነው። የሁለቱም ጥበብ የሚታየው አገልግሎት ላይ ሲሆኑ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ባሏ ከቤት የራቀ፣ አንዱ ልጇ ድክ ድክ የሚል፣ ሌላው ጡት ያልጣለ እናት እጅ ሲገቡ።

ሰቃ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቡናው ሲቀላ የሰው እጅ ያጥራል። ባል ግን ብዙ ጊዜ በዚያው ወቅት ነው ከቤት የሚጠፋው፤ አንዱ የሰው ቡና ሊለቅም፣ አንዱ በንግድ፣ አንዱ በሾፌርነት፣ አንዱም ጥበቃ ተቀጥሮ ይሄዳል። የቀረችው ሚስት ቀዩን ከአረንጓዴው ለይታ ትለቅማለች፣ የተሰጣውን ታገላብጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እሳት ታነዳለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ሚስቱ ለወለደች ተቀጣሪ የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ነው፤ ለገበሬው ያ እንኳ የለም። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ጥንድ እጅ የሌለበት ቀን ይበዛል። አንቀልባም በርጩማም ያን ቀን የሚያውቁ ዕቃዎች ናቸው። የተሠሩት አጠገብ አጋዥ እንደሌለ ታስቦ ነው።

መጀመሪያ አስተዛዘሏን እንይ። ቆማ ልታዝል ብትሞክር ሕፃኑን ከኋላ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። ስለዚህ አትቆምም፤ ከወገቧ አጎንብሳ ጀርባዋን ታስተካክላለች። ሕፃኑን ብብቱን ይዛ በጎኗ በኩል ታዞረውና ደረቱን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ታስተኛዋለች። አሁን የያዘው ሰው ሳይሆን የጀርባዋ ዝንባሌ ነው። አንድ እጇ መቀመጫውን ሲደግፍ ሌላው እጇ ቆዳውን ከላይ ይጥላል። ጠፍሮቹን ወደ ፊት ስባ ደረቷ ላይ ታጠላልፋለች፤ ወደ ኋላ መልሳ በሕፃኑ መቀመጫ ሥር ታሳልፋቸውና ከፊት ለፊት ወገቧ ላይ ትቋጥራለች። ቀና የምትለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀና ስትልም የሕፃኑ ክብደት ራሱ ጠፍሩን ወጥሮ ቋጠሮውን ያጠብቀዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድክ ድክ ባዩ ቀሚሷን እየጎተተ ሊሆን ይችላል። እሷም በአፏ እያባበለችው በእጇ ሥራዋን ትጨርሳለች።

እንቅስቃሴው እንዲህ እንዲቀል ያደረገው የቆዳው አሠራር ነው። ጥሬ ቆዳ በችካል ተወጥሮ ይደርቃል፤ የተጣበቀበት ሥጋና ስብ ይፋቃል። ከዚያ እየታሸ፣ እየተረገጠ፣ ቅቤ ወይም ዘይት እየጠጣ ይለፋል። በብዙ የአገራችን ክፍል የእንቧይ ፍሬም ለማልፊያ ይውላል። በደንብ ያልለፋ ቆዳ ስታጥፈው መስመር ይይዛል፤ ያ መስመር ነው ነገ የሕፃኑን ጭን የሚልጠው። በደንብ የለፋ ግን የታጠፈበት ቦታ አይታወቅም፤ በሕፃኑ ጀርባና መቀመጫ ዙሪያ ይተኛል። በጋሞና በኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በድንጋይ መፋቂያ ይሠሩ ነበር፤ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎችም የጥንት የድንጋይ መሣሪያ እንዴት ይሠራ እንደነበር ለማወቅ እነሱ ዘንድ ሄደው ተምረዋል።

ጥሩ ሠራተኛ የሚለየው ግን ጠፍሩ ላይ ነው። ገላ የሚሸፍነው ክፍል መለስለስ አለበት፤ ጠፍሩ ደግሞ መለጠጥ የለበትም። ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ከአንድ ቆዳ ይፈለጋል። የእንስሳው የሆድ ቆዳ ይለጠጣል፣ የጀርባው ግን ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጠፍሩን ከጀርባው በኩል ይቆርጠዋል። ጠፍሩና ገላው የሚገናኙበት ማዕዘን ጭነቱ ሁሉ የሚያርፍበት በመሆኑ ሌላ ቁራጭ ቆዳ ይደረብበታል። በወስፌ የሚበሳው ቀዳዳም ተራርቆ ነው፤ ከተቀራረበ ቆዳው በስፌቱ መስመር ይቀደዳል። ዛጎሉ በውጭ በኩል ይሰፋል፣ የሕፃኑ ፊት በሚያርፍበት በኩል ምንም ሻካራ ነገር አይገባም። ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣው ዛጎል በአንድ ወቅት በብዙ የአፍሪካ ገበያዎች እንደ ገንዘብ ያገለገለ ነው፤ እናት ልጇ የሚታዘልበት ቆዳ ላይ ስትሰፋው ጌጥም ነው፣ ከክፉ ዓይንም ይከላከላል ተብሎ ይታመናል።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ባለሙያ ግን ለረጅም ዘመን በመናቅ ነው የኖረው። «ፋቂ» ስድብ ነበር። ከሱ ጋር መጋባትም አብሮ መብላትም ያልተፈቀደባቸው አካባቢዎች ነበሩ። ከባላባት ልጅ እስከ ድሃ ልጅ ሁሉም የታዘለው እነዚያ የተናቁ እጆች ባለፉት ቆዳ ነው። ሥራው ላይ ስማቸው የለም፤ የአንዱን አንቀልባ ከሌላው የሚለየው ስፌቱ ብቻ ነው።

ለምን ከፊት ሳይሆን ከኋላ ይታዘላል? ቡና የምትቆላ ሴት መልሱን ታሳያለች። ምድጃው ከፊቷ ነው፣ ጭሱም ፍንጣቂውም ወደ እሷ ይመጣል፤ ሕፃኑ ከኋላ ስለሆነ የእናቱ ገላ በእሱና በእሳቱ መካከል ይቆማል። ቡና ስትለቅምም ቅርንጫፉ ወደ ደረቷ ይሳባል፣ ቅርጫቱም ከፊቷ ነው። ከጀርባዋ በቀር ለሕፃኑ የተረፈ ቦታ የለም። እግሩም ሁለት ወገን ተከፍቶ ጎኗን አቅፎ ስለሚቀመጥ ክብደቱን ጭኑና መቀመጫው ይሸከማሉ እንጂ እግሩ ቁልቁል ተንጠልጥሎ አይውልም።

የሕፃኑ ዝምታም የጥበቡ አካል ነው። ሁንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ 99 እናቶችንና ሕፃኖቻቸውን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት፣ ከማጥባትና ከማባበል ጊዜ ውጭ በቀን 3 ሰዓት ያህል ተጨማሪ እንዲታቀፉ የተደረጉ ሕፃናት በ6ኛ ሳምንታቸው ከሌሎቹ 43 በመቶ ያነሰ ማልቀሳቸውን ዘግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በጃፓን የተመራ ሌላ ጥናት ደግሞ እናት ሕፃኗን ይዛ መራመድ ስትጀምር የሕፃኑ የልብ ምት ወዲያው እንደሚረጋጋ አሳይቷል፤ ቁጭ ብሎ ማቀፍ ብቻውን ያን ያህል አላገዘም። የሰቃዋ እናት ደግሞ ቁጭ የምትልበት ጊዜ የላትም። ሥራዋ ራሱ እሹሩሩ ይሆናል።

ታናሹ ጀርባ ላይ ከተቀመጠ ታላቁ ምን ይሁን? እዚህ ላይ በርጩማው ይገባል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ነው፤ ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም፣ የሚላቀቅ መጋጠሚያም የለውም። ሠራተኛው በመጥረቢያ ሻካራ ቅርጹን ያወጣና በመሮ ይጨርሰዋል፤ መቀመጫውን ጎድጎድ ያደርጋል፣ እግሮቹን ወደ ውጭ ያዘነብላቸዋል። ሦስት እግር የሆነው ለማማር አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር በጭቃ በተመረገ ወለል ላይ አንዱ እግሩ አየር ላይ ይቀርና ይወዛወዛል፤ ሦስት እግር ግን በየትኛውም ጎርባጣ ላይ ሦስቱም ይረግጣሉ። የሦስት እግር ድካሙ በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ባዶ ጎን ሲጋደሉ መገልበጡ ነው። ጥሩ ሠራተኛ ይህን ስለሚያውቅ የእግሮቹን ጫፍ ከመቀመጫው ክብ አስፍቶ ያወጣቸዋል። ድክ ድክ የሚል ልጅ ዳር ይዞ ሊቆም ሲሞክር ይህቺ ትርፍ ስፋት ናት የምታተርፈው።

ቁመቱም ዝቅ ያለ ነው። ልጁ እግሩ መሬት እየነካ ይቀመጣል፤ ማንም ሳያነሳው ይወጣል፣ ማንም ሳያወርደው ይወርዳል። እናቱ ቡናውን ስታገላብጥ እሱ በርጩማውን ገልብጦ ይገፋዋል፣ ይጎትተዋል፣ ወድቆበትም ይስቃል። ስለታም ማዕዘን የለውም፤ ክብ ነው፣ ዳሩም በእጅ እስኪለሰልስ ተልጓል። አንድ ነጠላ ዕቃ በአንድ ቀን ውስጥ ወንበር፣ መደገፊያና መጫወቻ ይሆናል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሌለው ነገር ነው፤ የጀርባ መደገፊያ የለውም። ሕፃን ያዘለች ሴት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ልጇን ከእንጨቱ ጋር ታጣብቀዋለች፤ ወይ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትቀመጣለች፣ ወይ አንቀልባውን ትፈታለች። መፍታት ደግሞ እንደገና ማጎንበስ፣ እንደገና መቋጠር ነው፤ ተኝቶ የነበረውም ይነቃል። በርጩማው ላይ ግን ከኋላዋ ባዶ አየር ነው። እንዳዘለች ትቀመጣለች፣ እንዳዘለች ትቆላለች፣ እንዳዘለች ትነሳለች። አንቀልባ የሠራውና በርጩማ የጠረበው ሰው ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ሁለቱም ግን የሠሩት ለአንዲት ሴት ነው።

እንጨቱ ራሱ ከቡናው ጎን የሚበቅል ነው። ዋንዛ በጅማ የቡና መሬት ጥላ ከሚሰጡ ዛፎች አንዱ ነው፤ ለመሮ ይመቻል፣ ሲላግ ደስ የሚል ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ያወጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ስለነበር፣ ጠራቢ እንጨቱን ከገበሬ ማሳ ይጠብቅ ነበር። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ባለው በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ይኸው ጥበብ ለመኳንንት ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ባለ መደገፊያ ወንበርም ይሠራ ነበር። እነዚያ የክብር ወንበሮች ዛሬ በሰብሳቢዎችና በሙዚየሞች ይፈለጋሉ። በእኔ ዓይን ግን ዝቅተኛው በርጩማ ይበልጣቸዋል፤ ወንበሩ የሚያገለግለው ለተቀመጠ ሰው ነው፣ በርጩማው ለምትሠራ ሴት ነው።

ከቤት የሚርቀው ሁልጊዜ ባል አይደለም። ከጅማ ዞን ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ጉዞውን ባገደበት ወቅት ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. ሲነሣም ጉዞው ቀጥሏል። እናት የሰው ልጅ ልታሳድግ ስትሄድ የራሷ ልጆች ለአያት ወይም ለአባት ይቀራሉ። እዚህም አንቀልባው ያልተጠበቀ ብልሃት ያሳያል። ቁጥር የለውም፣ ቀዳዳ ያለው ቀበቶ የለውም፤ ጠፍሩ ረጅም ስለሆነ በቀጭኗ እናትም፣ ትከሻው በሰፋ አባትም፣ ወገቧ በጎበጠ አያትም ላይ እኩል ይቋጠራል። ወንድ አያዝልም የሚለው ወግ ከሰው የመጣ ነው፤ በቆዳው አሠራር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለም።

የምዕራቡ ዓለምም ይህን ጥበብ ዘግይቶ ነው ያገኘው። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቶጎ ስታገለግል እናቶች በጨርቅ ሲያዝሉ አይታ፣ አገሯ ስትመለስ «ስናግሊ» የተባለውን የሕፃን መሸከሚያ ከእናቷ ጋር ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት አስመዘገበችበት። ዛሬ የዚያ ዘር የሆኑ ባለ ማያያዣ መሸከሚያዎች ከውጭ እየገቡ በየከተማው ይሸጣሉ፤ ብዙዋ እናት ደግሞ በጨርቅ ታዝላለች። ለምን እንደሆነ መረዳት አይከብድም። ቆዳ ይከብዳል፣ ያልባል፤ በጅማ ረጅም ክረምት ይረጥባል፣ ሲደርቅም ይጠነክርና ቅቤ ይፈልጋል፤ ሕፃን ሲሸናበት እንደ ጨርቅ ታጥቦ አይሰጣም። ጨርቅ ግን በጉልበት ሲሳብ ትከሻ ይቆርጣል፤ የፕላስቲክ ማያያዣውም ሲሰበር የሚጠግነው ሰው በቀላሉ አይገኝም። የተበጠሰ ጠፍር ግን በወስፌና በቁራጭ ቆዳ ይቀጠላል።

አንቀልባ የራቀ ባልን አይተካም፣ የራቀች ሚስትንም አይመልስም። ሸክሙን ያቀለው ስለመሰለ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ጀርባ ላይ ይጫን ማለትም አይደለም። ይህን ካወቁ በኋላ ግን ጥሩውን ከመናኛው መለየት ያስፈልጋል። የጅማን የሐሙስ ገበያ ለሚያውቅ ገዢ ምክሬ አጭር ነው። ዛጎሉን አይቁጠሩ። ቆዳውን አጥፈው ይልቀቁት፤ መስመር ከያዘ ይተዉት። ጠፍሩን በሁለት እጅ ወጥረው ይሳቡ፤ ከረዘመ ከሆድ ቆዳ የተቆረጠ ነው። በርጩማውን ጎርባጣ መሬት ላይ ያኑሩና ዳሩን በመዳፍዎ ይጫኑ፤ አንዱ እግር ከተነሳ እግሮቹ አልሰፉም። በመጨረሻ ነጋዴው «ላሳስርልዎ» ብሎ ሲጠጋ አመስግነው ይመልሱትና ብቻዎን አጎንብሰው ይቋጥሩት። የሱ እርዳታ ካስፈለገዎት ዕቃው ገና አልተጨረሰም፤ ቤት ሲደርሱ እሱ አብሮ አይኖርም።