«ኪሳራ» ስለተባለው ቃል

ከዐረብኛ የወረስነው «ኪሳራ» ሦስት ሸክም ተጭኖበታል። የካዛንችስ ባለሱቅ «ዘንድሮ ከሰርኩ» ሲል ትርፍ ማጣቱን መናገሩ ነው። የቂርቆስ ተሟጋች «ወጪና ኪሳራ» ሲል ተረቺው እንዲከፍለው መጠየቁ ነው። ሕግ ዐዋቂ ግን «ከሰረ» የሚለው፣ ዕዳውን መክፈል በማቆሙ ንብረቱ ለባለገንዘቦች በሥርዓት እንዲከፋፈል ፍርድ ቤት የወሰነበትን ነጋዴ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ደመወዝተኛን ከዚህ ውጭ አድርጎት ነበር፤ ይህም የሕጉ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል።

ቃሉ ካልተለየ ባለዕዳው ጉድለትን ከፍርድ፣ ፍርድንም ከነውር ሊለይ አይችልም። ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ይቆራኙ የነበረበት ዘመን ቢያልፍም፣ «የዕዳ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር ያንኑ ፍርሃት እንደያዘ ነው። ስለዚህ ለሱቁ ጉድለት «ኪሳራ»፣ ለሙግቱ «ወጪ»፣ ለፍርዱ «የመክሰር ውሳኔ»፣ ነጋዴ ላልሆነውም «ዕዳ መክፈል የተሳነው» እንዲባል እንሻለን።