የቋሚው እግር

በእኛ አካባቢ ቤት የሚፈረድበት ወር መስከረም ነው። ወደ ሆሳዕና ለያሆዴ በዓል፣ ወደ ዱራሜና አንጋጫ ደግሞ ለመሳላ በዓል፣ ልጆች ከአዲስ አበባም ከደቡብ አፍሪካም ይመጣሉ። ሁለት ሦስት ቀን ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያ አንዱ ልጅ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያይና "ይሄ ቤት እኮ አረጀ" ይላል። በማግስቱ እኔ እጠራለሁ። አናጺ ነኝ፤ በሥራው ሃያ ዓመት አልፎኛል። የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ይታደስ ወይስ ሸጠን ሌላ ቦታ እንግባ?

መልሱን ግድግዳው ላይ አልፈልግም። የተሰነጠቀ ምርጊት ያስፈራል እንጂ ቤት አይጥልም፤ አዲስ ቀለም ደግሞ የበሰበሰውን ይሸፍናል። እኔ የማየው የቋሚውን እግር ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብዬ ምርጊቱን እፍቅና ባህር ዛፉ ብቅ ሲል በካቻቢቴ እወጋዋለሁ። አልገባም ካለ ቤቱ ገና ነው። ሰተት ብሎ ገብቶ ሲወጣ እርጥብ ዱቄት ይዞ ከመጣ ምስጥ ወይም ውሃ ቀድሞኛል ማለት ነው። አንድ ሁለት ማዕዘን ብቻ ከተበላ ጣሪያውን በድጋፍ ይዞ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ፣ ከሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ መተካት ይቻላል። አራቱም ማዕዘን ከሄደ ግን ቤቱን አፍርሱት እላለሁ።

ሺንሺቾ ላይ አንዲት እናትን ልጃቸው ከጆሃንስበርግ ደውሎ "ይሸጥና ሆሳዕና ግቢ" አላቸው። የማዕዘኖቹን እግር አንድ በአንድ ወጋሁ። ሦስቱ ደህና ነበሩ፤ የተበላው በጓዳው በኩል፣ የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት ነው። ይህን ስነግራቸው ምንም ሳይመልሱ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና እንሰቱን አሳዩኝ። "ልጄ፣ ይሄን ማን ይሸከምልኛል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እንሰት ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ አዲስ ግቢ የገባ ሰው እስከዚያ ከገበያ ይበላል። ዕድሩም ቢሆን እንደ ዕቃ በመኪና የሚጫን አይደለም።

ወረቀቱንም እዩ እላለሁ። የሊዝ አዋጅ 721/2004 ሲወጣ፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ከተላለፈ አዲሱ ባለቤት መሬቱን በሊዝ እንደሚይዝ ደንግጓል። ስለዚህ የአባቱን ቤት በውርስ የሚይዝ ልጅና ከሌላ ሰው ቤት የሚገዛ ልጅ እኩል አይደሉም። ይህን ሂሳብ ውስጥ ሳያስገባ የሚሸጥ ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ።

ማደስም የራሱ ጥፋት አለው። ወጣት ሳለሁ በጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ ለስኛለሁ። ጭቃ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቅቆ ወደቀ። ከኋላው ያለው እንጨት እርጥበት ታፍኖበት ጠቁሮ ነበር። የቤቱ ባለቤት ምንም አላሉኝም፤ እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ያ ሥራዬ ነው። ዛሬ ሲሚንቶ ካስፈለገ ሽቦ ወጥሬ ነው። ከተፈቀደልኝ ግን ጭድ ገብቶበት ለቀናት ቦክቶ በደንብ የተረገጠ ጭቃ እመርጣለሁ።

ውጡ ያልኩበትም ቤት አለ። ሆሳዕና ላይ አንድ ጠባብ ግቢ ፊት ለፊቱ ያለው መንገድ ሲሠራ ከደጃፉ ከፍ አለ፤ ጎርፉ ሳሎን ድረስ ይገባል፣ መውረጃ የሚቆፈርበት ቦታም የለም። እዚያ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ እንኳ እንዳይገዙ ባለቤቶቹን ለመንኳቸው።

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ተመሥርቶ ሆሳዕና መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ቤት ፈላጊው በዝቷል፣ ደላላው በየበሩ ነው። የሚያሳስበኝ ችኮላው ነው። የሺንሺቾዋን እናት ቤት በኅዳር፣ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ጨረስኩት፦ አንድ ቋሚ፣ ከሥሩ ድንጋይ፣ የጣሪያውን ውሃ የሚያርቅ አሸንዳ። እናንተም ደላላ ጋ ከመደወላችሁ በፊት ካቻቢቴ ይዛችሁ ተንበርከኩና የአራቱንም ማዕዘን እግር እዩ።