በ7 ቀን «ያቀላል»፦ የአንዲት ቱቦ ክሬም ተስፋ ሲመረመር

ኮዬ ፈጬ ከታክሲ ወርዳችሁ ወደ ብሎካችሁ ስትሄዱ፣ ምድር ላይ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ከሳሙናውና ከፀጉር ቅባቱ ጎን ትንሽ ካርቶን ውስጥ ያለ የፊት ክሬም አይጠፋም። ካርቶኑ ላይ የአንዲት ሴት ፊት ሁለት ጊዜ ታትሟል፤ በግራ ጠቆር ያለ፣ በቀኝ የፈካ። ስለ ክሬሙ ብትጠይቁ የምትሰሙት መልስ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዐረፍተ ነገር አያልፍም፦ «ያቀላል። ማድያት በ7 ቀን ያጠፋል። ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉዳት የለውም።»

ሰው መጽሐፍ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል። እኔ ዛሬ የምተቸው እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ነው። አጭር ናቸው፤ ግን ስለ ሰውነታችን አሠራር የሚናገሩ አባባሎች ናቸው፤ ሰውም አምኗቸው ፊቱን ይሰጣቸዋል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሳይንሳዊ አባባል ይፈተኑ።

ከመካከለኛው እንጀምር፤ ቁጥር ያለው እሱ ነውና። ማድያት በ7 ቀን ይጠፋል?

የቆዳችሁ ቀለም ሜላኒን ይባላል። የሚሠራው ከላይኛው የቆዳ ክፍል ሥር ባሉ ልዩ ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች ቀለሙን ሠርተው ለጎረቤቶቻቸው ያድላሉ። ጎረቤቶቹም ቀለሙን ተሸክመው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ይሞታሉ፣ በመጨረሻም ሳናያቸው ይረግፋሉ። ከታች ተነሥቶ እስከ መርገፍ ያለው ጉዞ አንድ ወር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ ክሬም የቀለም ፋብሪካውን ዛሬ ቀጥ ቢያደርገው እንኳ፣ ቀድሞ የታደለው ቀለም ተራውን ጠብቆ እስኪረግፍ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። የቆዳ ሐኪሞች የማድያት ሕክምናን በወራት የሚቆጥሩት ለዚህ ነው። በሒሳቡ ብቻ «7 ቀን» የሚለው አባባል ወደቀ።

ግን እኮ ጓደኛችሁ በሳምንት ውስጥ ፈክታ አይታችኋታል! ዓይናችሁ አልዋሸም። ጥያቄው ያ የተለወጠው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። ሜላኒን ካልሆነ፣ በፍጥነት ሊለወጥ የሚችል ሌላ ነገር ቆዳ ውስጥ አለ፦ ደም። የደም ሥሮች ሲጠቡ ቆዳ በሰዓታት ውስጥ ይገረጣል። ይህን በደንብ የሚያደርግ የመድኃኒት ቤተሰብ ደግሞ አለ፤ ስቴሮይድ ይባላል። እንዲያውም ማክኬንዚና ስታውተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) ያቀረቡት የስቴሮይድ ቅባት መለኪያ ይህንኑ መገርጣት ነበር፦ ቆዳን ይበልጥ ያገረጣ፣ እሱ ይበልጥ ብርቱ ነው። ስቴሮይድ ብጉር የቆሰለበትን ቦታም ለጊዜው ያበርዳል፤ ፊት ልስልስ ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት በእርግጥ ደስ ይላል። እኔን ከምንም በላይ የሚያሳስበኝም ይሄ ነው፤ ጨርሶ የማይሠራ ክሬም ቢሆን ኖሮ ማንም ሁለተኛ ቱቦ አይገዛም ነበር።

መድኃኒቱን አንስደበው። ኮርቲዞንን ለሕክምና ያበቁት ሰዎች በ1950 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል፤ ሃይድሮኮርቲዞን በቆዳ ላይ እንደሚሠራ ከታየበት ከ1952 ወዲህም ችፌ ላለባቸው ሰዎች ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ችግሩ ያለ ሐኪም፣ ያለ ገደብ፣ ከሁሉም በላይ ፊት ላይ መዋሉ ነው። ፊት እንደ ክንድ አይደለም። በ1967 ፌልድማንና ማይባክ ሃይድሮኮርቲዞን በየትኛው የሰውነት ክፍል ምን ያህል ሰርጎ እንደሚገባ ለክተው ነበር፦ ከክንድ ጋር ሲነጻጸር በግንባር 6 እጥፍ፣ በመንጋጋ 13 እጥፍ ገባ። ክንዳችሁ ላይ ሞክራችሁ «ምንም አላደረገኝም» ብትሉ ስለ ፊታችሁ ያወቃችሁት በጣም ትንሽ ነው።

ወራት ሲያልፉ ስቴሮይዱ ቆዳን ደግፎ የሚይዘውን ኮላጅን ያመነምናል። ቆዳው ይሳሳል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ከላይ ይታያሉ። አፍ ዙሪያ ሽፍታ፣ አንዳንዴም ፀጉር ይወጣል። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊትና ሞራ ሊያስከትል ይችላል። ጭርት ላይ የቀባው ሰው ማሳከኩ ይተወውና ፈንገሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። ክሬሙን ሲያቆሙት ደግሞ ጠብበው የነበሩት የደም ሥሮች በአንዴ ይከፈታሉ፤ ፊት እሳት ሆኖ ይነዳል። «ኧረ እኔስ ያለ እሱ አልሆንም» የሚባለው ያኔ ነው። ወደ ቱቦው ይመለሳሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ቃል እንምጣ፦ «ያቀላል»። አማርኛችን ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያለ ስለ መልክ ሲናገር ቀይ ያለው ሰው ደም የመሰለ ማለቱ አይደለም፤ ፈካ ያለ ማለቱ ነው። የስቴሮይዱ ታሪክ ግን ቃሏን ቃል በቃል እውነት አድርጓታል። መጀመሪያ ያገረጣል፤ በስተመጨረሻ ያቀላል። ይቺን ማስታወቂያ የጻፈ ሰው ካለ፣ ሳያውቀው የጎንዮሽ ጉዳቱን ጽፏል።

(መንገድ ላይ ሳለን፦ በ2017 በሳራ ቲሽኮፍ ቡድን የታተመው የአፍሪካውያን የቆዳ ቀለም ጥናት ኢትዮጵያውያንንም ያካተተ ነበር። ቆዳን የሚያፈኩም የሚያጠቁሩም የዘረመል ዓይነቶች በአፍሪካ ውስጥ እጅግ ጥንታዊ መሆናቸውን አሳይቷል። በአንድ ቤት ከአንድ እናት ጠይምም ቀይም የሚወለደው ለዚህ ነው፤ አንዱ የሌላው ብልሽት አይደለም።)

ስቴሮይድ የሌለባቸው ማቅያዎችስ? ሁለቱን ላንሣ። ሃይድሮኪኖን ቀለም የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝዘው ይችላል። ለዓመታት ሲቀባ ግን በአንዳንድ ሰው ላይ ቆዳውን ሰማያዊ ጥቁር አድርጎ ያስቀረዋል። በደቡብ አፍሪካ ይህ ጉዳት በ1975 ተዘገበ፤ አገሪቱም በ1990 በማቅያዎች ላይ ጠንካራ እገዳ ጣለች። ሜርኩሪም ያንኑ ኢንዛይም ያግዳል፤ ከቆዳ አልፎ ግን ኩላሊትን ይጎዳል፤ ቤት ውስጥ አብረው ለሚኖሩ ሕፃናትም ይተርፋል። የሚናማታ ስምምነት በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ይህንን ጭምር ለማስቀረት ነው። አንድ ፍንጭ ልስጣችሁ፦ የክሬሙ መመሪያ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጌጥ አያነካኩ» ካለ ሜርኩሪን ጠርጥሩ፤ ሜርኩሪ ከብረታ ብረት ጋር ይዋሃዳል።

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር «ተፈጥሯዊ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ሻጩን ብቻ ሳይሆን እኛንም መተቸት አለብኝ። «ኬሚካል አትቀቡ» የሚል ምክር ስንሰጥ ኖረናል። ውኃም እኮ ኬሚካል ነው! ይህን ምክር የሰማች ልጅ ክሬሙን ጥላ ሎሚ ጨምቃ ፊቷን ቀብታ ፀሐይ ላይ ብትወጣ ምን ይገርማል? የሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቃጠሎው ሲድን ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ መሰል ምልክት ይተዋል። ሜርኩሪም ከመሬት የሚወጣ ተፈጥሯዊ ነገር ነው። ቃሉ ስለ ጉዳት የሚነግረን ምንም የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ስልካችሁ ላይ የምታዩት ባለ 10 ደረጃ የፊት አጠባበቅ መልስ አይሆናችሁም። ውኃ በፈረቃ ሲመጣና በጀሪካን ደረጃ ሲወጣ ፊትን በቀን አራት ጊዜ መታጠብ ቀልድ ነው፤ ደግነቱ አያስፈልግም። የጤናማ ቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው፤ የልብስ ሳሙና ግን ወደ 10 ይጠጋል። አዘውትሮ በሱ መታጠብ ቆዳን ያደርቃል። ማታ አንዴ ለስላሳ ሳሙና ወይም ውኃ ብቻ፣ ከዚያ እርጥብ እያለ ስስ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን። ብጉር ያለበት ሰው ፊቱ ላይ ቫዝሊኑን ይተወው።

ዋናው ወጪ ለፀሐይ ይዋል። ኮዬ ፈጬ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አካባቢው ሕንፃ እንጂ ዛፍ አልበዛበትም። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ከቀኑ 6፡25 ገደማ ልክ በአናታችሁ ላይ ትሆናለች፤ ነሐሴን ደመና ቢሸፍነውም ብዙው ጨረር ያልፋል። ጥቁር ቆዳ ከቃጠሎ በተሻለ ይከላከላል፤ ማድያትን ግን አያስቀርም፤ የሚታየው ብርሃን ራሱ ያባብሰዋልና። ብዙዎቹ ነጫጭ ሰንስክሪኖች እሱን አያግዱም፤ የቆዳ ቀለም ያላቸው፣ አይረን ኦክሳይድ የተቀላቀለባቸው ይሻላሉ። ውድ ናቸው አይደል? እናቶቻችን ታክሲ ሲጠብቁ የሚዘረጉት ጃንጥላ ግን ዋጋው የአንድ ጊዜ ነው።

ክሬሙን ለወራት ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ፣ አፍራችሁ አትደብቁት። ቱቦውን ከነካርቶኑ ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ በአንዴ ይቁም ወይስ ቀስ በቀስ ይቀነስ የሚለውን እሱ ይወስናል። ሲያቆሙ የሚመጣው መቅላት የክሬሙ ውጤት እንጂ የፊታችሁ ትክክለኛ መልክ አይደለም፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይበርዳል። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ የቱቦውን ጀርባ አንብቡ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ስም፣ ከጎኑ 0.05 የሚል ቁጥር ታገኙ ይሆናል። ቁጥሩ ማነሱ አያታላችሁ፤ 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል ከ1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን እጅግ የበረታ ነው።