ስለ ጓያ ሽባነትና ስለ ወጥ ቅመም በወጣ አንድ ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ

ጓያ በድርቅ ዘመን ሌላው አዝመራ ሲጠፋ የሚተርፍ ታጋሽ እህል ነው። ነገር ግን ለወራት እርሱን ብቻ የበላውን ሰው፣ ይልቁንም ወጣቱን ወንድ፣ እግሩን ይይዘውና ዕድሜውን ሙሉ በበትር ያስኬደዋል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ኢትዮጵያ ይህን መርምረው በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ለሽባነት ሲያጋልጡ እንጀራው፣ ቂጣውና ወጡ ግን እንዳላጋለጡ ያመለክታል። ከዚህም አልፎ ቅመም ያለበት ወጥ አብሮ ሲበላ አደጋው ወደ አንድ አራተኛ እንደሚወርድ ይናገራል፤ ምክንያቱንም ኦክሳይድን ለሚከላከለው የቅመሞቹ ባሕርይ ይሰጣል።

ሐሳቡ ከሴል ትምህርት ጋር ይስማማል። በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ሲመጣ የሚከፈቱ የፕሮቲን በሮች አሉ። ኦዳፕ የሚባለው የጓያ መርዝ ግሉታሜትን መስሎ ይከፍታቸዋል። ካልሲየም ያለ ልክ ይገባል፤ ማይቶኮንድሪያ ይታወካሉ፤ ከእነርሱም የሚወጣው ቍጡ ኦክሲጅን ሴሉን ያቃጥላል። ይህን የሚያበርደው ግሉታታዮን እንዲሠራ ሲስቴይን ያስፈልጋል፤ ጓያ ደግሞ ድኝ ባላቸው አሚኖ አሲዶች ድኻ ነው። እሳቱን ይለኩሳል፤ ውኃውንም ይነሣል።

እኛ የምንነቅፈው ከወጥ ድስት ወደ ነርቭ ሴል የተዘለለውን ዝላይ ነው። በችጋር ወራት ሽንኩርትና ቅመም የሚገዛ ማነው? ጥቂት ገንዘብ የተረፈው ነው። እርሱ ደግሞ ከቅመሙ ጋር ገብስና ስንዴም ያገኛል። በሽተኛን ከጤነኛ የሚያነጻጽር ጥናት፣ ስሌቱ ቢታረም እንኳ፣ ድኽነትን ፈጽሞ አያጠራም። የቅመሙ ነገር እንዲጸና ወጥ የሚበሉትና የማይበሉት ሰዎች ደም ተወስዶ ግሉታታዮኑ መለካት ይኖርበታል።

ነገሩ የገጠሩ ብቻ እንዳይመስል። በቂርቆስና በካዛንቺስ ተፈጭቶ የሚሸጥ ሽሮ ከሽምብራ ይሁን ከአተር ወይም ከጓያ በዓይን አይለይም። (የካዛንቺስ ነዋሪ ብዙው በ2017 ዓ.ም. ቤቱ ፈርሶ ቢዛወርም የሽሮው ነገር አብሮት ሄዷል።) ጥናቱ ወጡን ነጻ ማድረጉ ከተሜውን ያረጋጋዋል፤ እንጀራ ላለው ሰው እኛም አንቃወምም። ዳሩ ግን ሽንኩርት ሲወደድ የቀን ሠራተኛው ሽሮ ያለ ቁሌት ይሠራል። ለእርሱ «ቅመም ጨምርበት» የሚል ምክር ምን ይጠቅመዋል? ያው ጥናት ጓያን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል አደጋውን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህኛው መርዙንም ያሳንሳል፣ የጐደለውንም ድኝ ያመጣል፤ ስለዚህ ከቅመሙ አስቀድሞ ሊነበብ የሚገባው እርሱ ነው።